ከሁለት ያጣ ሰው፤ በዛብህ በሁለት ባህል መካከል

፩

በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናና በሞጣ አገር፣ ሮብ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ። ስሙን ያገኘው ገበያው ከሚቆምበት ቀን ነው፤ በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር በገበያ ቀን የተጠራ ስፍራ ብዙ ነው። በቀድሞው ዘመን እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ጤፉንና ገብሱን ጭኖ የመጣው ባለ ርስት፣ ከደብሩ የወረደው ካህን፣ አኮፋዳውን ያንጠለጠለው የቅኔ ተማሪ፣ የባላባቱ አሽከር፣ ጨውና ሸማ የሚሸጠው ሙስሊም ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይውሉ ነበር። ሲመሽ ግን እያንዳንዱ ወደ የቤቱ ይመለሳል፤ ቤቶቹም የሚተዳደሩበት ሕግ አንድ አልነበረም። በገበያ የተገናኘ ሁሉ በማዕድ አይገናኝም፤ በማዕድ የተገናኘም ሁሉ በጋብቻ አይገናኝም።

ይህን በአንድ አገር፣ በአንድ ቋንቋና በአንድ ሃይማኖት ውስጥ የሚገኝ የቤትና የቤት ልዩነት ከብዙ የአማርኛ ድርሰቶች ይልቅ አጥልቆ ያሳየው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የታሪኩ ዋና ስፍራ ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ሩቅ አይደለም፤ የሮብ ገበያ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ በእንግዳ አገር የሚዞር አይመስለውም። መጽሐፉ በሁለት መንገድ ሲነበብ ኖሯል። በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማው ሕዝብ የተቀበለው እንደ ፍቅር ታሪክ ነው፤ የ1966 ዓ. ም. አብዮት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሐያሲ ያነበበው በባላባት ሥርዓት ላይ እንደ ቀረበ ክስ ነው። ሁለቱም ንባቦች እውነት አላቸው። ዳሩ ግን ሁለቱም የዋናውን ባለ ታሪክ የበዛብህን ጠባይ በሚገባ አይፈቱትም። የመጀመሪያው ፈሪ አፍቃሪ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የግፍ ሰለባ ብቻ ያደርገዋል። በዛብህ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በሁለት ባህል መካከል የቆመ፣ ለሁለቱም የሚጠቅም፣ ከሁለቱም ያልሆነ ወጣት ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ሰው ከሁለት ያጣ ይለዋል።

በሁለት ባህል መካከል ስላለ ወጣት ሲነገር የአንባቢው ሐሳብ ወዲያው የሚሄደው ባሕር ተሻግሮ ወደ ተመለሰው ተማሪ ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ዓ. ም. ባወጡት «አርአያ» የምናገኘው ባለ ታሪክ በፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ ከዚያም ወዲህ የወጡ ብዙ ድርሰቶች ዘመናዊ ትምህርትን ከአገር ልማድ ጋር ያፋጥጣሉ። ከዚህ የተነሣ ሁለት ባህል ማለት የአገር ቤትና የውጭ አገር፣ የአሮጌና የአዲስ ማለት ነው የሚል አስተያየት ሥር ሰዷል። የበዛብህ ታሪክ ይህን አስተያየት ያፈርሰዋል። በዛብህ ባሕር አልተሻገረም፤ የውጭ ቋንቋ አልተማረም፤ አዲስ ሐሳብ ይዞ አልመጣም። የሄደው ከማንኩሳ እስከ ዲማ ነው፤ ይኸውም ከጎጃም እስከ ጎጃም ነው። ሆኖም ተሰነጠቀ። ስለዚህ ስንጥቁን ያመጣው የባሕር ማዶ ትምህርት ነው ማለት አይቻልም።

፪

በዛብህ የተወለደበት ቤት የገበሬ ቤት ነው። አባቱ ቦጋለ መብራቱ፣ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ይባላሉ። ልጁ ጤና አጥቶ ሲያሳስባቸው ወላጆቹ በሕይወት ከቆየላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ይሳላሉ፤ ሚስት ሳያገባ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲኖር ነው። ስለት በአማራ ገበሬ ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሳሉት ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዣንጥላ ወይም ሰንጋ ነው፤ ተሳዩ ጉዳዩ ሲሞላለት ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ከዕዳው ነጻ ይሆናል። በበዛብህ ላይ የሆነው ግን የተለየ ነው። የተሳለው ነገር ራሱ ሰው ነው፤ ዕዳውም አንድ ቀን ተከፍሎ የሚያልቅ ሳይሆን በሕይወት ዘመን ሁሉ የሚከፈል ነው። ተሳዮቹ ወላጆች፣ ከፋዩ ልጅ ነው።

ደራሲው ይህን ነገር በታሪኩ መጀመሪያ ማስቀመጣቸው ታላቅ ማስተዋል ነው። በዛብህ የቤተ ክህነትን ባህል የተቀበለው እንደ ማንኛውም ልጅ በማደግ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ሳይጠየቅ በተገባ ቃል ነው። እናትና አባቱን የሚወድ ልጅ ቃላቸውን ቢያፈርስ የሚበድለው እግዚአብሔርን ብቻ ሳይሆን የወለዱትንም ጭምር ነው። በኋላ በፍቅር ጊዜ የሚታይበት መርበትበት ከዚህ የመጣ እንጂ ከልብ ማነስ የመጣ አይደለም።

ከስለቱ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ ይመጣል። የቆሎ ተማሪ ሕይወት በኢትዮጵያ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የስደት ሕይወት ነው። ልጁ ወላጆቹን ትቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ የመምህሩን ዝና ተከትሎ ከአገር አገር ይዞራል። በንባብ ቤት፣ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ያልፋል። በማያውቀው መንደር ደጃፍ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ያገኘውን ቁራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር ተካፍሎ በጎጆ ያድራል። ለመምህሩ የሚሰጠው አክብሮት ለአባቱ ከሚሰጠው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም የሚመዘነው በግዕዝ ነው። እንግዲህ ዛሬ ወደ ባሕር ማዶ ለትምህርት መሄድ የሚባለው ነገር በዚህ አገር አዲስ አልነበረም ማለት ነው። ከወላጅ መለየት፣ በባዕድ ቋንቋ መመዘን፣ ተመልሶም በተወለዱበት ቤት እንግዳ መሆን የቅኔ ተማሪው አስቀድሞ ያወቀው ነገር ነው። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻን ከማወቁ በፊት አንድ ጊዜ ከባህል ወደ ባህል ተሻግሯል፤ ከገበሬ ቤት ወጥቶ የሊቃውንት ቤት ሰው ሆኗል።

በሊቃውንት ቤት ሰው የሚከበረው በዘሩ አይደለም። የድኻ ልጅ ቅኔ ቢያሳምር ከመኳንንት ልጅ ይቀድማል። ተማሪው በየቀኑ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩም ያቀርባል፤ መምህሩ ያርማል፤ ያጎደለ ያፍራል፤ ያሟላ ይመሰገናል። የዚህ ቤት ቆጠራ የቃልና የምስጢር ቆጠራ ነው።

፫

ሁለተኛው ቤት የፊታውራሪ መሸሻና የወይዘሮ ጥሩ አይነት ቤት ነው። በዚህም ቤት ቆጠራ አለ፤ የሚቆጠረው ግን አጥንት ነው። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል እስከ ታሪኩ ጊዜ ድረስ ሳትዳር የቆየችው መልክ ወይም ጠባይ ጎድሏት ሳይሆን ለዘሯ የሚመጥን ሰው ታጥቶ ነው። የቤቱ ክብር የተሠራው ባለመቀላቀል ነው፤ ባለመቀላቀልም ምክንያት ቤቱ ቀስ በቀስ ወራሽ ወደ ማጣት ያዘነብላል። ደራሲው ይህን ሲያሳዩ ፊታውራሪን እንደ ክፉ ሰው ብቻ አይሥሏቸውም። ሰውየው ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ነገር ግን የሚወዱበት መንገድ ልጃቸውን የሚያሰቃይ መሆኑን የቤታቸው ሕግ እንዳያዩ ጋርዷቸዋል።

የዘር ቆጠራ ነገር በጎጃም ከላይ ሲታይ ለሁሉም አንድ ይመስላል፤ ጠልቀው ሲመለከቱት ግን ሁለት ነው። አለን ሆበን የተባለው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 በመጽሐፍ ሲያወጣ እንዳስረዳው፣ የጎጃም ገበሬ በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ ላይ ቈጥሮ አቅኚ አባት በሚባለው ሰው መሬት ላይ የርስት መብት ይጠይቃል። ስለዚህ ለገበሬው ዘር መቁጠር በር መክፈቻ ነው፤ በቈጠረ ቁጥር የሚጠይቀው መሬት ይበዛል፤ ዘመዱም ይሰፋል። ለባለ ጉልቱ ደግሞ ዘር መቁጠር አጥር ነው፤ በቈጠረ ቁጥር ለልጁ የሚመጥነው ሰው ያንሳል። አንዱ ቃል በሁለት ቤት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። በዛብህ የተወለደው ቈጠራ መሬት በሚያሰፋበት ቤት፣ የተማረው ቈጠራ ምስጢር በሚያሰፋበት ቤት፣ የወደደው ደግሞ ቈጠራ ሰው በሚያጠብበት ቤት ነው። በአገሩ ውስጥ ሳለ እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት ከዚህ በላይ መፈለግ አያስፈልግም።

የሁለቱ ወጣቶች ስምም ይህን ያስታውሳል። ሰብለ ወንጌል ከቤተ ክህነት ቋንቋ የተወሰደ ስም ነው፤ ትርጉሙም የወንጌል መከር ማለት ነው፤ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት የነበሩት እቴጌም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። በዛብህ ግን የተራ ሰው የአማርኛ ስም ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ስም በባላባቱ ቤት፣ የገበሬው ስም በቤተ ክርስቲያኑ ልጅ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ቤቶች አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይዋዋሳሉ፤ ልጅ ግን አይዋዋሱም።

፬

ታዲያ በዛብህ ከሊቃውንት ቤት ወደ ባላባት ቤት የገባው በምን በር ነው? በፊደል ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምርላቸው ይጠሩታል። ባላባቱ ዕውቀትን ይፈልጋል፤ ዐዋቂውን ግን የሚያየው እንደ ሠራተኛ ነው። መምህር መሆኑ ከልጅቱ ጋር ለብቻው እንዲቀመጥ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ይኸው መምህርነት ግን ለልጅቱ የማይመጥን ሰው ያደርገዋል። የሚያስገባውና የሚያስወጣው አንዱ በር ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ስለቱ አለ፤ ስለቱ ያለበት ሰው ለሴት ልጅ አያሰጋም ተብሎ ይታመናል። ፊታውራሪ የሚተማመኑት የቤተ ክህነቱ ሕግ የራሳቸውን ሕግ ይጠብቅልኛል ብለው ነው። ሁለቱ ባህሎች የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር በዛብህ እንዳያፈቅር መከልከል ነው።

የመጽሐፉ ታላቅነት ይህን ሁሉ በነገር ሳይሆን በሥራ ማሳየቱ ነው። ትምህርቱ፣ አቀማመጡ፣ አገባቡና አወጣጡ፣ ማን ቆሞ ማን ተቀምጦ እንደሚናገር የሚያሳየው ክፍል ሁሉ በባህል ጥናት መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ የሚያሳፍር አይደለም። አንባቢው የበዛብህን ፍርሃት የሚያምነው ማንም ስላስረዳው ሳይሆን ፍርሃቱን የሚሠራውን ቤት ቀስ በቀስ ስላየ ነው።

ድክመቱ የሚታየው ጉዱ ካሳ በሚናገርበት ጊዜ ነው። ጉዱ ካሳ ከባላባት ወገን ተወልዶ የባላባትን ልማድ የሚነቅፍ፣ በሕዝቡም ዘንድ እንደ እብድ የሚታይ ሰው ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ከእርሱ የበለጠ የታወቀ ባለ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል፤ ንግግሩም ጨዋታና ብርታት አለው። ነገር ግን ጉዱ ካሳ ሲናገር ልማድ የአስተሳሰብ ስሕተት ይመስላል፤ ስሕተቱን ያወቀ ሰውም ነጻ የሚወጣ ይመስላል። ታሪኩ ራሱ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በዛብህና ሰብለ የልማዱን ክፋት ካወቁ በኋላ እንኳ ነጻ አልወጡም፤ ምክንያቱም ልማድ በሐሳብ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር ሳይሆን በእናት ስለት፣ በአባት ፍቅር፣ በመሬትና በግብር፣ በማዕድና በመቀመጫ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። ስለዚህ ጉዱ ካሳን የደራሲው ፍርድ ነው ብሎ የሚወስድ አንባቢ ከመጽሐፉ ያነሰ መጽሐፍ ያነባል።

ይህን ነገር ታሪክ ራሱ ፈጥኖ አስመስክሯል። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ. ም. የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በመቃወም በብቸናና በሞጣ ሌሎችም የጎጃም ወረዳዎች ገበሬው ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻም ገዥው ተነሡ፤ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡትን ገበሬዎች ያየ ሰው ነገሩ ድንገተኛ አይሆንበትም። ሆኖም የ1960ው ገበሬ የተነሣው ልማዱን ለማፍረስ ሳይሆን ለመጠበቅ ነበር፤ የፈራው መሬቱ ተለክቶ፣ ርስቱ በመዝገብ ገብቶ፣ ኋላም ከእጁ እንዳይወጣ ነው። ለጉዱ ካሳ ሰንሰለት የሆነው ልማድ ለገበሬው ጋሻ ሆነ። አንድን ባህል ሰንሰለት ብቻ ወይም ጋሻ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሐተታ፣ በመካከሉ የሚኖረውን ሰው ሊያይ አይችልም።

፭

የበዛብህን ዕጣ ከሌላ አገር ድርሰት ጋር ማነጻጸር ነገሩን ይበልጥ ይገልጸዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት ጊዜ አካባቢ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966፣ የሱዳኑ ደራሲ ጠይብ ሷሊሕ «ወደ ሰሜን የመሰደድ ወቅት» የሚል ትርጉም ያለውን ልብ ወለዱን በዐረብኛ በቤይሩት አወጣ። ሁለቱም ደራስያን ድርሰቶቻቸው ከመታተማቸው በፊት በነበሩት ዓመታት በለንደን ይኖሩ ነበር፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በአምባሳደርነት፣ ጠይብ ሷሊሕ በእንግሊዝ ሬዲዮ የዐረብኛ ክፍል ሠራተኛነት። ሁለቱም ከዚያ ሩቅ ከተማ ሆነው የጻፉት ስለ ትውልድ አገራቸው መንደር ነው። መንደሮቹንም የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። የሱዳኑ መንደር ከካርቱም በታች በናይል ዳር ይገኛል፤ በዚያ የሚያልፈውም ውሃ አብዛኛው ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው የዓባይ ውሃ ነው።

የዐረቡ ወጣት፣ የታሪኩ ተራኪ፣ ሰባት ዓመት በአውሮፓ ተምሮ ወደ መንደሩ ይመለሳል። በመንደሩም ሙስጠፋ ሰዒድ የሚባል እንግዳ ያገኛል፤ ይህም ሰው ቀድሞ በእንግሊዝ አገር በዕውቀት ገንኖ፣ በዚያም በሴቶች ሞት ተከስሶ፣ በኋላ ማንነቱን ሰውሮ ገበሬ የሆነ ነው። ከሙስጠፋ በኋላ ሚስቱ ሑስና ያለ ፈቃዷ ለአንድ ሽማግሌ ትዳራለች፤ ሽማግሌውን ገድላ ራሷን ታጠፋለች። ተራኪው ሊያድናት ይችል ነበር፤ ግን አላደረገም። በመጨረሻ ወደ ወንዙ ገብቶ ሲዋኝ ከመካከሉ ላይ ኀይሉ ያልቃል፤ ወደ ሰሜኑም ወደ ደቡቡም ዳርቻ መድረስ ያቅተዋል፤ በዚያን ጊዜ ለመኖር ይወስናል፤ እርዳታም ይጣራል።

የጎጃሙ ወጣት መጨረሻም በመካከል ነው። ምስጢሩ በወጣ ጊዜ በዛብህ ከዲማ ሸሽቶ አዲስ አበባ ይገባል። በኋላ ወደ ጎጃም ሲመለስ በመንገድ ሽፍቶች ያቆስሉታል፤ ሰብለም ከአባቷ ቤት ወጥታ እርሱን ፍለጋ ስትሄድ ከጎሐ ጽዮን ላይ በሞት አፋፍ ታገኘዋለች። ጎሐ ጽዮን ጎጃም አይደለም፤ አዲስ አበባም አይደለም፤ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች የመንገደኛ ማረፊያ ናት። ሁለቱ ደራስያን ሳይመካከሩ በሁለት ባህል መካከል ያለውን ሰው የአንዱ ወንዝ መካከለኛ ስፍራ ላይ አቁመውታል። ልዩነታቸው በዚያ ስፍራ ምን እንደሚሆን ነው። ዐረቡ ተጣርቶ የሚሰማው መኖሩ ሳይታወቅ ታሪኩ ይዘጋል። በዛብህ ግን ይሞታል፤ ዳርቻ የሚሆነውም መቃብሩ ነው።

የዚህ ልዩነት ምክንያት የደራስያኑ ጠባይ ብቻ አይደለም። የሱዳኑ ተራኪ ከተመለሰ በኋላ በመንግሥት ሥራ የሚቀበለው ካርቱም አለ፤ በእንግሊዝ የተከፈተ ትምህርት ቤት፣ ከነጻነት በኋላም የተወረሰ መሥሪያ ቤት አለ። ሁለቱ ባህሎች ቢጥሉት እንኳ ሦስተኛ ቤት አለው። በበዛብህ ዘመን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበረው ጎጃም፣ ፊደል የሚያውቅ የድኻ ልጅ ከደብርና ከባላባት ግቢ በቀር የሚገባበት ቤት አልነበረውም።

፮

በሁለት ባህል መካከል ያለ ወጣት የሚለው ርእስ አንባቢን የሚያሳስትበት ሌላም መንገድ አለ። ወጣቱ ሁልጊዜ ወንድ ነው፤ ሴቲቱም የሚሄድበት ዓለም ወይም የሚተወው ዓለም ምልክት ሆና ትቀራለች። ሁለቱ ልብ ወለዶች ግን በደንብ ሲነበቡ ከባድ ዋጋ የምትከፍለው ሴቲቱ መሆኗን ያሳያሉ። ሑስና በወንዶች ውል መካከል ተይዛ መውጫ ስታጣ ትሞታለች። ሰብለ ደግሞ ከአባቷ ቤት ለመውጣት የምታገኘው አንድ መንገድ የመነኩሴ ልብስ መልበስ ነው።

ይህ የልብስ ነገር እንደ ቀላል የታሪክ ማሳመሪያ ሊታለፍ አይገባም። በዛብህ ወደ ሰብለ ቤት የገባው በፊደል ነበር፤ ሰብለ ወደ በዛብህ ቤት የገባችው በቆብ ነው። በቀድሞው ኢትዮጵያ ለብቻዋ በረጅም መንገድ ልትሄድ የምትችል የባላባት ልጅ አልነበረችም፤ መነኩሴ ግን ሽፍታም ቢሆን የሚያፍረው፣ ማንም ከወዴት መጣህ ብሎ አጥብቆ የማይመረምረው ሰው ነበር። የለበሰችው ለማታለል ነው፤ ነገር ግን ልብሱ በላይዋ ቀረ። በዛብህ ከሞተ በኋላ ሰብለ በእውነት መንኩሳ በመቃብሩ አጠገብ ትኖራለች። ውድነሽ በልጇ ላይ የተሳለችው ስለት፣ ይኸውም ያለ ትዳር ለእግዚአብሔር መኖር፣ በልጇ አልተፈጸመም፤ በመጨረሻ የፈጸመችው ውድነሽ አይታት የማታውቀው የባላባት ልጅ ናት። የገበሬዋ እናት ዕዳ በፊታውራሪው ልጅ ተከፈለ። በሕይወት ሊዋሐዱ ያልቻሉት ሁለት ቤቶች በዕዳ ተዋሐዱ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ በግልጽ የማይነገር፣ ግን ከጉዱ ካሳ ንግግር ሁሉ የሚበረታ ፍርድ ነው።

፯

እንግዲህ መጽሐፉ ለማለት የቻለውና ያልቻለው ተለይቶ ሊታይ ይገባል። የቻለው ሁለት ባህል ማለት የግድ ሁለት አገር ማለት አለመሆኑን ማሳየት ነው። ያልቻለው ደግሞ በመካከል ያለ ሰው እንዴት ሊኖር እንደሚችል ማሳየት ነው። በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሳ፣ ሦስቱም ከተወለዱበት ቤት ሕግ የወጡ ሰዎች፣ በመጨረሻ በአንድ ስፍራ ይቀበራሉ። ከሕጉ የወጣ ሁሉ የሚገናኘው በመቃብር ነው። የርእሱ ታላቅነት ከዚህ ነው፤ የርእሱ ጭካኔም ከዚህ ነው።

ከጎጃም ውጭ ያለው ዓለም በመጽሐፉ ውስጥ ከጎጃሙ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስፍራ ብቻ አግኝቷል። ከዋነኞቹ ባለ ታሪኮች መካከልም ነጋዴ የለም። ገበሬው፣ ካህኑና ባላባቱ እያንዳንዳቸው ቤታቸው ተገልጦ ይታያል፤ በብቸናና በሞጣ ከተሞች ከጥንት የኖረው ሙስሊም ነጋዴ፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ግን ቤታቸው አልተከፈተም። ይህ የስፍራ ማነስ ብቻ አይደለም። ገበያው ሰዎች ዘራቸውም ስለታቸውም ሳይጠየቅ የሚገናኙበት ስፍራ ነበር። መካከለኛ ሰው ሊቆምበት የሚችል መሬት በጎጃም ውስጥ ይፈለግ ቢባል ከደብሩና ከግቢው ይልቅ በገበያው ይገኝ ነበር። ደራሲው ይህን በር ሳይከፍቱት በመቅረታቸው የበዛብህ ሞት የማይቀር መስሎ ታየ።

የማይቀር እንዳልነበረ የሚያስረዳው የደራሲው የራሳቸው ሕይወት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። ቅኔን የተማሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ነው፤ ይህም ማለት በዛብህ በቆመበት ግቢ ቆመዋል። ከዚያም እንደ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በዛብህ ያላገኘውን ግን አገኙ፤ በ1917 ዓ. ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሦስተኛ ቤት ሆነላቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከው በጣሊያን አገር በእስር ቆዩ፤ ከነጻነት በኋላ በውጭ አገሮች ኢትዮጵያን ወክለው ሠሩ። የቅኔ ተማሪው ለንደን ደርሶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ዲማ የቀረውን የራሱን ጥላ ጻፈ። በዛብህ ደራሲው ሊሆኑ ይችሉ የነበረ፣ ግን በዕድል ያመለጡት ሰው ነው። ስለዚህ ልብ ወለዱ የሐዘን መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ከመካከል በሕይወት የወጣ ሰው ሳይወጡ ለቀሩት ያቆመው ተዝካር ነው።

የካቲት 1967 ዓ. ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የፊታውራሪ መሸሻን ዓይነት ቤት መሠረቱን ነቅሎታል። ጉልት የለም፤ ለጉልት ሲባል የሚቆጠር አጥንትም እንደ ቀድሞው ኀይል የለውም። የቅኔ ቤቶች ግን ዛሬም በጎጃም አሉ፤ አኮፋዳውም ፈጽሞ አልጠፋም። ከሮብ ገበያም ሆነ ከሌላ የገጠር መንደር ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት የክረምት ዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት ቃል እንዳነሰው ይሰማዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ፣ ይልቁንም ከባሕር ማዶ ዲግሪ ይዞ የተመለሰው፣ ራሱን በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው የተሰነጠቀ ሰው አድርጎ መቁጠር ይወዳል። ስንጥቁን ከባዕድ የመጣ በሽታ አድርጎ ያማርራል፤ ወይም እንደ ሹመት ይኮራበታል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ሰው የሚለው ነገር አለው። ከእርሱ በፊት ደበሎ የለበሰ ልጅ በዚያው መንገድ አልፏል፤ እንግሊዝኛን ሳያውቅ በባዕድ ቋንቋ ተመዝኗል፤ ባሕር ሳይሻገር ቤቱን አጥቷል። ያ ልጅ የሞተው ሁለት ባህል ስለነበረው አይደለም፤ ሁለት ባህል ያለውን ሰው የሚቀበል ቤት ስላልነበረ ነው። የሚቀረው ጥያቄ የተማረው ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይምረጥ የሚል አይደለም። ለሚቀጥለው በዛብህ ሦስተኛውን ቤት የሚሠራው ማን ነው የሚል ነው።